አጭር ሁሉ ጠንካራ አይደለም

ሰብል ሲጋሸብ፣ ማለትም ከቆመበት መሬት ላይ ሲጋደም፣ አይቶ የማያውቅ ሰው ነገሩን ያቀለዋል። ተኛ እንጂ አልሞተ ይላል። ኧረ ተው! ዛላ ከያዘ በኋላ የወደቀ ስንዴ እርስ በርሱ ተደራርቦ ፀሐይ ያጣል፣ ፍሬው ሳይሞላ ይጨማደዳል፣ መሬት የነካው ዛላ ይሻግታል ወይም እዚያው ይበቅላል፣ ኮምባይነሩም ከሥር ገብቶ አያነሳውም።

እስካሁን የሠራው ትልቁ መፍትሔ የሰብሉን ቁመት ማሳጠር ነው። አሜሪካዊው የሰብል ተመራማሪ ኖርማን ቦርሎግ ሜክሲኮ ውስጥ ኖሪን 10 ከተባለው የጃፓን ስንዴ የተገኘውን ድንክ የሚያደርግ ዘረመል ይዞ አጫጭር ስንዴዎችን አወጣ። በሩዝ በኩል አይአር8 የተባለው አጭር ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1966 ተለቀቀ። አጭሩ ሰብል ማዳበሪያ ሲበዛለት እንደ ረጅሙ ቶሎ አይወድቅም። ለቦርሎግ እ.ኤ.አ. በ1970 የተሰጠው የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲያንሰው ነው።

ጠቤ ከዚያ በኋላ ከመጣው ስንፍና ጋር ነው። አጭር የሆነ ሁሉ ጠንካራ መሰለን። አገዳ እኮ ቱቦ ነው፤ ጉልበቱ በውፍረቱ፣ በግድግዳው ጥቅጥቅነትና ግድግዳው በያዘው ሊግኒን (ተክልን በሚያጠነክረው ንጥረ ነገር) ነው። ያው አገዳ ቅርጹን ሳይለቅ ውፍረቱ እጥፍ ቢሆን መታጠፍን የመቋቋም አቅሙ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ትንሽ መወፈር ብዙ ዋጋ አላት። ማሳጠር ግን ልክ አለው፦ ቅጠሎቹ ይጨናነቃሉ፣ ገለባው ይቀንሳል፣ እነዚያ የስንዴ ዘረመሎች ቡቃያውንም ስለሚያሳጥሩት ጠለቅ ብሎ የተዘራ ዘር አፈሩን ሰንጥቆ መውጣት ያቅተዋል።

አገዳው ከወፈረ ምርት ይቀንሳል የሚል ክርክርም አለ። የግድ አይደለም። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ ያደረጉት ኤስሲኤም2 የተባለ የሩዝ ዘረመል አገዳውንም ያወፍራል፣ በዛላው ላይ ያለውን ፍሬም ያበዛል።

ገበሬውም ቢሆን የራሱ ድርሻ አለው። ዘሩን አጠጋግቶ፣ ዩሪያውን ሰብሉ ገና ለጋ ሳለ ካፈሰሰው ታች ያሉት አንጓዎች በጥላ ምክንያት ይመዘዙና ይቀጥናሉ። አፈሩ ረጥቦ ሥሩ ከለቀቀ ደግሞ አገዳው ብረት ቢሆንም ከነሥሩ ይጋደማል።

በጣም የሚያናድደኝ ግን አለካኩ ነው። ብዙ ጊዜ የሙከራ ማሳ ላይ መጋሸብ በዓይን ይገመትና ነጥብ ይሰጠዋል። በዚያ ዓመት ነፋስ ካልመጣስ? ሁሉም ጎበዝ ሆኖ ያልፋል! አገዳውን ገፋ አድርጎ ስንት ኃይል እንደቻለ የሚያነብ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ አለ፣ የአገዳውን ውፍረት ደግሞ ተራ ካሊፐር ይለካዋል። ታዲያ እነዚህ ቁጥሮች ዝርያ ሲለቀቅ ከምርቱና ከቁመቱ ጎን የማይጻፉት ለምንድን ነው?