ልጅ ከወላጁ ጋር በአንድ የጥበብ ሙያ ሊፎካከር ይገባዋልን?

የመከራከሪያው ሐሳብ፦ «ወላጅ በሥራ ላይ እያለ፣ ልጅ በዚያው ከተማና በዚያው የጥበብ ሙያ ተፎካካሪው ሆኖ መቆም የለበትም።» ሐሳቡን የሚደግፉት በአዳማ የሠርግና የሆቴል መድረኮች ለረጅም ዘመን ኪቦርድ የተጫወቱ አባት ናቸው። የምትቃወመው የአዝማሪ ልጅ የሆነችና ራሷም በዚሁ ከተማ በድምፃዊነት የምትሠራ ወጣት ናት።

ደጋፊው

ክርክሬን ከገበያው እጀምራለሁ፤ ስለ አባትና ልጅ ፉክክር ሲነሣ ሰው ሁሉ ቅናትንና ፍቅርን ያነሣል እንጂ ሁለቱ ስለሚሻሙት እንጀራ ብዙም አይናገርምና። በአዳማ ለብዙ የሙዚቃ ባለሙያ ዋናው ገቢ ሠርግ ነው፤ ሠርግ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ እኩል አይደገስም። የክርስቲያኑ ድግስ ከጾም ጋር ስለማይሄድ በጥር ወርና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ይከማቻል፣ ከሳምንቱም ቅዳሜና እሑድ ላይ ያርፋል። አባትና ልጅ የየራሳቸውን ባንድ አቁመው ቢወዳደሩ የሚሻሙት እነዚያኑ ጥቂት ቀናት ነው። ደጋሹ ከአባትየው ዋጋ ሰምቶ ልጁ ዘንድ ይሄድና «አባትህ ይህን ያህል ብለውናል፣ አንተስ?» ይለዋል። ልጁ ዋጋ ቢሰብር የሚሰብረው የአባቱን ስም ነው፤ ባይሰብር ሥራው ያልፈዋል። በባዕዳን መካከል ይህ የተለመደ ንግድ ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ማዕድ ለሚቀርቡ ሰዎች ግን ቅዳሜ በገበያ የተነሣው ቅሬታ እሑድ ምሳ ላይ ይቀጥላል።

ከገቢው ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላው ነገር የሙያው ውርስ ነው። በእኛ አገር ጥበብ ለብዙ ዘመን የተላለፈው በትምህርት ቤት ሳይሆን በቤት ውስጥ ነው፤ አዝማሪ ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ የደጋኑን አያያዝ፣ የትዝታንና የባቲን ቅኝት፣ ከሁሉም በላይ የእንግዳውን ፊት አይቶ ግጥም መደርደርን ያሳየዋል። ነገ ደንበኛውን ሊወስድበት ለተዘጋጀ ልጅ ግን አባት ይህን ሁሉ በሙሉ ልቡ ይሰጣልን? እኔ አይመስለኝም። ክፉ አባት ስለሆነ ሳይሆን፣ የሚኖርበትን ነገር አሳልፎ መስጠት ስለሚከብደው ዋናውን ያስቀራል፤ እርሱ ሲሞትም ያስቀረው አብሮት ይቀበራል።

በቪየና የሽትራውስ ቤተሰብ ላይ የደረሰውን ማንሣት እወዳለሁ። በዳንስ ሙዚቃ ከተማዋን የገዛው ዮሐን ሽትራውስ ልጁ ባንክ ቤት እንዲገባ እንጂ ሙዚቀኛ እንዲሆን አልፈለገም። ስሙን የወረሰው ልጅ ግን እ.ኤ.አ. በ1844 ዓ.ም. ገና 19 ዓመት ሳይሞላው የራሱን ኦርኬስትራ ይዞ በዚያችው ከተማ ብቅ አለ። አብዮቱ በ1848 ሲፈነዳ አባት ለንጉሣዊው ወገን ጄኔራል ለራዴትስኪ ክብር ማርሽ ሲደርስ፣ ልጅ ከአብዮተኞቹ ጎን ተሰለፈ። በተከታዩ ዓመት አባት ሞተ። አብረው ሊሠሩባቸው የሚችሉ አምስት ዓመታት በሽሚያ አለፉ፤ ይህ ኪሣራ አይደለም ብሎ የሚከራከረኝ ካለ ለመስማት ዝግጁ ነኝ።

ተቃዋሚዋ

ጋሼ፣ ስለ ውርሱ የጻፉት በቤታችን የማውቀው ስለሆነ ቀለል አድርጌ አላልፈውም። የመከራከሪያው ሐሳብ ግን «ወላጅ በሥራ ላይ እያለ» ይላል። ሙዚቀኛ ጡረታ የሚወጣው መቼ ነው? የመንግሥት ሠራተኛ የሚያርፍበት ዕድሜ ተወስኗል፤ መሰንቆ የሚይዝ ሰው ግን ጣቱ እስከታዘዘለት ድረስ ይጫወታል። ስለዚህ ሐሳቡ ለጊዜው ታገሡ የሚል ቢመስልም፣ በተግባር ልጅ እስኪሸብት እንዲጠብቅ ወይም ከተማውን ለቅቆ እንዲሰደድ ይፈርድበታል።

ስለ ሽትራውስ ያነሡት ታሪክ እውነት ነው፤ ነገር ግን ቂሙን የወለደው ፉክክሩ ሳይሆን ክልከላው ነበር። አባትየው ልጁ ቫዮሊን እንዳይማር ስለከለከለ ልጁ በእናቱ በአና ድጋፍ ተደብቆ ተማረ፤ ስለዚህ መድረክ ላይ ሲወጣ አባቱ ያላስተማረው፣ አባቱም ያልጠበቀው ሰው ሆኖ ወጣ። ያም ሆኖ በዚያ በመጀመሪያው ምሽት ከራሱ ድርሰቶች ጋር የአባቱንም ቫልስ ተጫውቷል፤ አባቱ ከሞተ በኋላም ሁለቱን ኦርኬስትራዎች አንድ አደረገ። አሳልፎ አለመስጠት የሚመጣው ከፉክክር ነው ላሉት፣ እዚህ ያለው ታሪክ የሚያሳየው ገና ፉክክር ሳይኖር በሩ ተዘግቶ እንደነበር ነው።

በገበያውም ቢሆን የአባትን ቅዳሜ የሚወስደው ልጁ ብቻ አይደለም። የአዲስ አበባና የአዳማ የፍጥነት መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ የዋና ከተማዋ ባንድ ማታ ተጫውቶ ሌሊቱን መመለስ ቀሎታል። ልጁ ከመድረኩ ቢወርድ ቦታውን የሚሞላው አባቱ ሳይሆን ከዚያ የሚመጣው ሊሆን ይችላል።

ደጋፊው

እህቴ፣ የሩቁ ባንድ ዋጋ ሲሰብርብኝ እናደዳለሁ፣ ከዚያም እረሳዋለሁ፤ የልጄን ግን አልረሳውም። ልዩነቱ ይህ ነው።

ደግሞም ልጅ ይሰደድ አላልኩም፤ ስፍራውን ይለይ ነው የምለው። ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ እ.ኤ.አ. በ1932 ዓ.ም. በሐረር ሲወለድ አባቱ አለቃ ደስታ ካህንና የብራና መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ ባለሙያ ነበሩ። እርሱ ግን ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ተመለሰና ረቂቅ ሥዕልን ካስተዋወቁን ቀዳሚዎች አንዱ ሆነ። ከአባቱ ጋር በአንድ ብራና ላይ አልተሻማም፤ እንዲያም ሆኖ ማንም የአባቱ ጥላ ነው አይለውም።

ተቃዋሚዋ

ገብረ ክርስቶስን ስላነሡልኝ አመሰግናለሁ፤ ከሥራዎቹ መካከል «ጎልጎታ» የሚለውን ያስታውሱ። ስቅለቱ የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን፣ የአባቱም ዓለም ርእስ ነው። ልጁ ያንኑ ርእስ ወስዶ በራሱ ቀለምና ቅርፅ ሠራው፤ ይህ ስፍራ መለየት ሳይሆን አባቶች በቆሙበት ስፍራ ላይ የራስን ቃል መናገር ነው። ከአባቱ ርእስ ቢሸሽ ኖሮ ያ ሥዕል አይኖረንም ነበር።

ዋጋ መስበርን በተመለከተ እኔም ከእርስዎ ጋር ነኝ። እኔና አባቴ አንዳችን የጠራነውን ዋጋ ሌላችን ዝቅ ላናደርግ ተስማምተናል፤ ቀብድ የተቀበለ ሥራውን ይዟል፣ ሌላው አይደውልም። ከዚህ ውጭ ባለው ግን በግልጽ እንወዳደራለን። በአንድ ድግስ ላይ ሁለታችንም የተጠራን እንደሆነ እርሱ አንድ ስንኝ ይጥላል፣ እኔ እመልሳለሁ፣ እንግዳውም ሽልማቱን ወደ ፈለገው ይዞ ይሄዳል። በማግስቱ አባቴ ያልያዘለትን ግጥም እንደገና እየደረደረ፣ የእኔንም ጉድለት ሳይሸሽግ ይነግረኛል፤ ድሮ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሳዳምጠው ያልነገረኝን ብዙ ነገር የሰማሁት መወዳደር ከጀመርን ወዲህ ነው። ጋሼ፣ ይህን ተዪው ቢሉኝ አልተወውም፤ አባቴም ልተወው ብለው የሚፈቅድልኝ አይመስለኝም።