አጎበሩን ከመጣላችሁ በፊት

«ትንኞች ፀረ ተባዩን ስለተቋቋሙት አጎበር ከእንግዲህ ዋጋ የለውም» የሚለው፣ ስለ ወባ መከላከያ አጎበር ያነበብኩት ጽሑፍ ድምዳሜ ትንሽ ተጋኗል። ችግሩስ እውነት ነው። በመደበኛው ምርመራ ትንኞቹ ኬሚካል የተነከረ ወረቀት ባለበት ቱቦ ውስጥ 1 ሰዓት ይቆያሉ። ከ24 ሰዓት በኋላ የሞቱት ይቆጠራሉ። ከ90 በመቶ በታች ከሆኑ ትንኞቹ ኬሚካሉን ተቋቁመውታል ማለት ነው። ያም ሆኖ ያልተቀደደ አጎበር ትንኟን ባይገድላትም ከሰው ይለያታል።

ያስቆጨኝ ክሎርፌናፒር የተባለው ሌላ ፀረ ተባይ በጽሑፉ አለመነሳቱ ነው። ብዙ ትንኞች የተለመደውን የአጎበር ፀረ ተባይ፣ ፓይሬትሮይድን፣ የሚያመክኑት በሰውነታቸው ባሉ ኢንዛይሞች ነው። ክሎርፌናፒር ደግሞ ወደ ዋናው መርዝ የሚቀየረው በእነዚያው ኢንዛይሞች ነው! መርዟን ራሷ በጥብጣ ራሷ ትጠጣለች እንደማለት። ሁለቱን ኬሚካሎች የያዘውን አጎበር የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ለወባ መከላከያ መክሯል። አገዳደሉ ግን ዘገምተኛ ነው፤ እስከ 72 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ጠዋት ላይ ትንኝ ስትበር ያየ ሰው «ይሄም አይሠራም» ብሎ አሽቀንጥሮ እንዳይጥለው። እሱንም ቢሆን ብቻውን ለዓመታት ሙጭጭ ካልንበት ግን መቋቋማቸው አይቀርም።