እርማት፦ የጭነት ባቡር መስመር ሞዴል የግድ በሙሉ ርዝመቱ አይሠራም

«እውነተኛ የጭነት መስመርን የሚከተል ሞዴል፣ ርቀቱም በልኩ ካልተቀነሰ የዚያ መስመር ሞዴል አይባልም» ሲባል ይሰማል። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል፤ ትክክል ግን አይደለም፤ ስንቱንም ገና ሳይጀምር ተስፋ ያስቆርጣል።

በኤችኦ መጠን (1፡87፣ ማለትም ከእውነተኛው 87 ጊዜ ባነሰ የሞዴል ልክ) 1 ኪሎ ሜትር 11.5 ሜትር ያህል ይወስዳል። 20 ኪሎ ሜትር ለመሥራት 230 ሜትር ሐዲድ ሊዘረጉ ነው። 300 ሜትር ሬዲየስ ያለው ኩርባ ደግሞ 3.4 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ይህን የሚችል ክፍል ብርቅ ነው። ስለዚህ ሎኮሞቲቩና ፉርጎው በልካቸው ይሠራሉ፤ በጣቢያዎች መካከል ያለው ርቀት ያጥራል፣ ኩርባውም ይጠብቃል።

መስመሩን ራሱን የሚያስመስለው ሥራው ነው። ጭነቱ ከየት ተነስቶ የት ይራገፋል? ባዶው ፉርጎ በየት ይመለሳል? የጣቢያዎቹ ቅደም ተከተል፣ ወደ ፋብሪካው የሚገባው ሐዲድ የሚገነጠልበት አቅጣጫ፣ እነዚህን አይንኩ። ከሁሉ በፊት የመተላለፊያውን ሐዲድ ርዝመት ይወስኑ፤ ሁለት ባቡሮች ያለ ችግር እንዲተላለፉ አንዱ ሙሉ በሙሉ እዚያ መግባት አለበትና፣ የባቡርዎን ርዝመት የሚገድበው እሱ ነው። ከሞዴሉ ውጭ የቀረውን የመስመሩን ክፍል ከእይታ የተሸሸጉ ማቆያ ሐዲዶች ይተኩታል፤ ለእነሱም ከወዲሁ ቦታ ይተዉ።