ስለ ደራርቱ አንድ እርማት

ወንድሜ፣ የአርሲን ጀግኖች በማስታወስህ ደስ ብሎኛል፤ እኔም የዚያው አገር ልጅ ነኝ። ግን ደራርቱ ቱሉን «የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት» ብለሃታል። ብዙ ሰው እንዲህ ይላል፤ ልክ ግን አይደለም። ደቡብ አፍሪካዊቷ አስቴር ብራንድ እ.ኤ.አ. በ1952 ሄልሲንኪ ላይ በከፍታ ዝላይ አሸንፋለች። ሞሮኳዊቷ ናዋል ኤል ሙታዋኪልም በ1984 በ400 ሜትር መሰናክል ወርቅ ወስዳለች። ደራርቱ በ1992 ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትር ስታሸንፍ የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። ለበቆጂ ልጅ ይህ ክብር ጭማሪ አያስፈልገውም።

ይልቅ ከውድድሩ በኋላ የሆነው ይጻፍ። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ፣ ማለትም በዘር መድልዎ ሥርዓቷ ምክንያት ለረጅም ዓመታት ከኦሊምፒክ ታግዳ የተመለሰችው ያኔ ነበር። ደራርቱ ሁለተኛ ከወጣችው ነጭ ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ሜየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ስታዲየሙን ዞሩ። ልጆቻችን ይህንንም ማወቅ አለባቸው።