በሳምንት ሦስት ቀን እና አንድ ማይክሮስኮፕ

እ.ኤ.አ. በ1962 ዶክተር ጃኔት ራውሊ ከኦክስፎርድ ቆይታቸው ተመልሰው በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የደም ሕመም ተመራማሪውን ሊዮን ጃኮብሰንን ያነጋገሩት ለሦስት ነገር ነበር፤ ለማይክሮስኮፕ፣ ለመሥሪያ ቦታ እና ለሞግዚት ለሚበቃ ደመወዝ። ጃኮብሰን በዓመት 5,000 ዶላር መደቡላቸው። የሥራቸው ቀን በሳምንት ሦስት ብቻ ሆነ።

ይህ ውል የደም ካንሰር ምርምርን አቅጣጫ ቀይሯል። ሆኖም ዛሬ ተመራማሪ ሲቀጠር እንዲህ ያለ ውል ብዙ ጊዜ አይታሰብም። ሥራ ማለት ሙሉ ቀን፣ ውጤት ማለት ደግሞ የዓመቱ ሪፖርት ላይ የሚሰፍር ነገር ሆኗል። ይህ ትልቅ ስህተት ነው።

ምክንያቱን ለማየት የራውሊን ሥራ፣ ማለትም የደም ካንሰር ሕሙማንን ክሮሞዞም (በህዋስ ውስጥ ዘረመል የሚሸከመውን ክር) በማይክሮስኮፕ መመርመርን፣ ጠጋ ብሎ መመልከት ያስፈልጋል። ክሮሞዞም በግልጽ የሚታየው ህዋስ ሲከፈል ብቻ ነው። ስለዚህ ደም ከሚሠራበት ከአጥንት መቅኔ የተወሰደው ናሙና እንዳይረጋ ሄፓሪን የሚባል መድኃኒት ባለበት ቱቦ ይቀዳል፤ ህዋሳቱ በሕይወት መድረስ አለባቸው፣ ህዋስ የሚገድለው ፎርማሊን ከነካቸው አለቀ። በ37 ዲግሪ ይቆዩና ኮልሴሚድ የሚባል ኬሚካል ክፍፍሉን መሐል ላይ ይገታዋል። ከዚያ ጨዉ የሳሳ ፈሳሽ፣ ብዙውን ጊዜ 0.075 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ፣ ህዋሱን ያሳብጠዋል። በሦስት እጅ ሜታኖልና በአንድ እጅ አሴቲክ አሲድ ታጥቦ ስላይድ ላይ ይንጠባጠባል። እብጠቱ ካነሰ ክሮሞዞሞቹ ተደራርበው ይቀራሉ። ከበዛ ህዋሱ ይፈነዳና ክሮሞዞሞቹ ይበተናሉ፤ ያን ጊዜ የጎደለው በሕመሙ ይሁን በአሠራሩ አይታወቅም። ለዚህ ነው አንድ ህዋስ አይቶ መፍረድ የማይቻለው፤ የተለመደው ቢያንስ 20 መቁጠር ነው። ይህን ማጣደፍ አይቻልም።

ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሀንገርፎርድ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥር የሰደደ ማይሎይድ ሉኪሚያ በሚባል የደም ካንሰር ሕሙማን ላይ ያጠረ ክሮሞዞም አግኝተው ነበር። ስሙን ከተገኘበት ከተማ ወስዶ የፊላደልፊያ ክሮሞዞም ተባለ። ቁራሹ ጠፍቷል ተብሎ ታሰበ። ራውሊ እ.ኤ.አ. በ1970 እንደገና ኦክስፎርድ ሄደው በኩዊናክሪን ማቅለምን ተማሩ፤ ይህ ቀደም ሲል የወባ መድኃኒት የነበረው ቀለም በክሮሞዞሙ ላይ ደማቅና ደብዛዛ መስመር ያወጣል። ድምቀቱ ቶሎ ስለሚጠፋ ፎቶ መነሳት አለበት። ፎቶዎቹን ቤታቸው የምግብ ጠረጴዛ ላይ በመቀስ እየቆረጡ ጥንድ ጥንዱን ያስተካክሉ ነበር። ልጆቻቸው በወረቀት አሻንጉሊት ትጫወታለች ይሏቸው ነበር።

እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው ያጠረው፣ ማለትም 22ኛው ክሮሞዞም ያጣው ቁራሽ 9ኛው ላይ ተለጥፎ የታያቸው። አልጠፋም፣ ቦታ ተለዋውጧል። ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ1973 ታተመ። ከዚያ በፊት በ8ኛውና በ21ኛው መካከል ተመሳሳይ ልውውጥ በሌላ ሉኪሚያ ላይ አግኝተው ነበር። የክሮሞዞም ለውጥ የካንሰር መዘዝ እንጂ መንስኤ አይደለም ይባል በነበረበት ዘመን ይህን መቀበል ለብዙዎች ከባድ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሌሎች ተመራማሪዎች ልውውጡ ቢሲአርና ኤቢኤል የሚባሉ ሁለት ዘረመሎችን እንደሚያጣምርና ከዚህ የሚወጣው ኢንዛይም ለህዋሱ የማይጠፋ የእድገት ትእዛዝ እንደሚሰጥ አሳዩ። ሐኪሙ ብራያን ድሩከር ከተመራማሪው ኒኮላስ ላይደን ጋር ይህን ኢንዛይም የሚዘጋ መድኃኒት ለሙከራ አበቁ፤ ኢማቲኒብ ይባላል። በመጀመሪያው ሙከራ በቀን 300 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ከወሰዱት 54 ሕሙማን የ53ቱ የደም ቆጠራ ወደ ጤናማው ልክ ተመለሰ። መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ተፈቀደ። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ሕሙማን በእርዳታ ፕሮግራም በነፃ ወስደውታል። ከራውሊ ጠረጴዛ እስከዚያ ኪኒን 28 ዓመት ፈጅቷል።

ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ተመራማሪ ሲቀጥሩ የሦስት ቀን ውል ይኑራቸው። ልጅ የምታሳድግ ሐኪም ከሥራው መውጣት ሳያስፈልጋት ትቆይ፤ የምርምሯም ዘመን በአንድ ዓመት ሪፖርት አይለካ። ራውሊ ሙሉ ቀን መሥራት የጀመሩት የመጨረሻ ልጃቸው 12 ዓመት ሲሞላው ነው። ሁለቱም ግኝቶች ከዚያ በፊት ተገኝተዋል።