ያን ቀን አፋችሁን ምን ያዘው?

የደብረ ብርሃን ሰዎች፣ ዛሬ አልሸነግላችሁም።

ባዛሩ ላይ የሆነውን አይታችኋል። ያ አሮጌ የመንዝ በርኖስ እየፈታ ጃኬት የሚሰፋው ልጅ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ነጋዴ ድንኳን ፊት ደርቆ ቀረ። የተሰቀለው ጃኬት የእሱ ነበር። ማለቴ እሱ አልሰፋውም፤ ግን የበርኖሱን የትከሻ ሹል እንዳለ ትቶ የወይራ ቁልፍ ማድረግን ያመጣው እሱ ነው። ኪሱ እንኳ፣ ልጁ መጀመሪያ ተሳስቶ ዝቅ ያደረገው፣ እዚያም ዝቅ ብሏል። ስህተቱን ሳይቀር ገልብጠውታል!

«ይሄ የኔ ዲዛይን ነው» አለ። ሻጩ ሳቀ። እሺ፣ እሱ ነጋዴ ነው። እናንተስ ምን አሳቃችሁ? ጥበቃው ክንዱን ይዞ ሲያስወጣው «ቆይ እስቲ» ያለ አንድ ሰው ጠፋ። ልጁ ራሱ የሰፋለትን ጃኬት የለበሰ ጎልማሳ አጠገቡ ቆሞ ነበር። ይመሰክርልኛል ብሎ ዞሮ አየው። ሰውዬው ስልኩን አውጥቶ መነካካት ጀመረ። ይህን ይቅር ማለት አቅቶኛል።

ደግሞ ያሳዝነኛል። ሲጀምር «የእረኛ ልብስ» ብለን ስቀንበት ነበር። መጀመሪያ የለበሱለት ማታ ማታ ራፕ የሚሞክሩት ጓደኞቹ ናቸው። ከዚያ በቲክቶክ ዞረ፣ አዲስ አበባ ገባ፣ ዋጋው ሰማይ ነክቶ ሲመለስልን ተሰለፍን።

ሌላም አገር ይሰረቃል። የኒውዮርኩ ዳፐር ዳን እ.ኤ.አ. በ1982 ሃርለም ውስጥ ሱቅ ከፍቶ፣ የታላላቅ ፋሽን ቤቶችን አርማ በራሱ መንገድ እየተጠቀመ ለራፐሮች ይሰፋ ነበር። እነሱም በክስና በፍተሻ መውጫ መግቢያ አሳጥተውት በ1992 ዘጋ። በ2017 ግን የጣሊያኑ ፋሽን ቤት ጉቺ፣ ዳን በ1989 ለሯጯ ዳያን ዲክሰን የሰፋውን ቁርጥ የሚመስል ጃኬት ይዞ ብቅ አለ። ዲክሰን ዝም አላለችም። የድሮ ፎቶዋን አውጥታ መጀመሪያ የሠራው ዳን ነው አለች፣ ሕዝቡም ጮኸ። ጉቺ አብሮት ለመሥራት ተስማማ፣ በ2018 ሃርለም ውስጥ የስፌት ቤቱ እንደገና ተከፈተ። የለበሰችው ሴት ተናገረች፤ የኛው ለባሽ ስልኩን ነካካ።

ልጁ የስፌት መኪናውን አልሸጠም አሉ። ለገና ባዛር ይመጣል። ጃኬቱ ያላችሁ ለብሳችሁ ውጡ፣ መቼ እንደሰፋላችሁም ተናገሩ። አትመጡም ብዬ እፈራለሁ። ሦስት ብትሆኑም ግን ይበቃል፤ ያ ስልክ የሚነካካው ሰውዬም ብቅ ቢል፣ እኔ በበኩሌ ቦታ እለቅለታለሁ።