ያልዋሉበትን መፎከር

ከጥቂት ሳምንታት በፊት እዚህ ጅማ፣ ግድግዳዋ በእንቁላል ካርቶን በተለበጠ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ወጣት ራፐር ዘፈኑን ሲቀርጽ ቁጭ ብዬ አዳምጬ ነበር። አንገቱ ላይ ያጠለቀው ሰንሰለት ከጓደኛው የተዋሰው ነው (የሸሚዙን ኮሌታ ማጥቆር ጀምሯል)። ግጥሙ ስለ ሽጉጥ፣ ስለ ብር ቁልልና ሰፈሩን የረገጠ ሰው በእግሩ እንደማይመለስ ያወራል። ልጁን አውቀዋለሁ፤ የባጃጅ ሾፌር መልስ ሲያስቀርበት እንኳ ቀና ብሎ የማይጠይቅ ጨዋ ነው።

ሂፕሆፕን አልነቅፍም። እ.ኤ.አ. በ1973 በኒው ዮርኳ ብሮንክስ ውስጥ ዲጄ ኩል ሄርክ ባጫወተበት ግብዣ ጀመረ የሚባለው ይህ ሙዚቃ፣ ገና አሥር ዓመት ሳይሞላው፣ በ1982 ግራንድማስተር ፍላሽና ጓደኞቹ ባወጡት “ዘ ሜሴጅ” የድሃ ሰፈር ኑሮን መናገር ችሎ ነበር። ጋንግስታ የሚባለው የሽጉጥና የዛቻ ራፕ በሎስ አንጀለስና በጎረቤቷ ኮምፕተን የገነነው ከዚያ በኋላ፣ የወሮበላ ቡድንና የፖሊስ ዱላ የዕለት ኑሮ በሆነበት አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ቢያንስ በመነሻው ምስክርነት ነበረበት። ገበያው ግን ከምስክርነቱ ይልቅ ዛቻውን ወደደ። ስመ ጥሮቹ ራፐሮች፣ ቱፓክ በ1996፣ ቢጊ በ1997 በጥይት ተገደሉ። እዚያው ኮምፕተን ያደገው ራፐር ኬንድሪክ ላማር ደግሞ ያንኑ ጎዳና ይዞ፣ ራሱንም ሳይምር እየመረመረ ጽፎ፣ በ2018 ታዋቂውን የአሜሪካ ሽልማት፣ የፑሊትዘርን የሙዚቃ ሽልማት ወሰደ።

የእኛ ልጆች የተዋሱት ዛቻውን ብቻ መሆኑ ነው የሚያሳዝነኝ። ፉከራ እኛ ዘንድ ነውር ሆኖ አያውቅም፤ ሕግ ግን ነበረው። ፎካሪ የሚፎክረው በዋለበት ነው፤ ያልዋለበትን ቢያወራ አብሮት የዘመተ ሰው ከፊቱ ተቀምጧል። በኦሮሞው ባህላዊ ዜማ በገራርሳም በቀደመው ሥርዓት ጀብዱውን የሚያዜመው አውሬ የጣለ ወይም ጦር ሜዳ የዋለ ሰው ነበር፤ ሌላው ችግሩንና ዕድሉን ያንጎራጉርበታል እንጂ ጀግንነት አያወራበትም። በዚህ ሚዛን ከታየ፣ ሽጉጥ ጨብጦ የማያውቅ የጅማ ልጅ የሽጉጥ ራፕ ከሥነ ምግባር ጥያቄም በፊት የሙያ ጉድለት ነው፤ ቤት ይመታል፣ ባለቤት ግን የለውም።

ቀረጻው ሲያበቃ፣ ከዚህ ሌላ የጻፍከው የለም ወይ ብዬ ጠየቅሁት። እናቱ በአንድ የቡና መጋዘን ለቃሚ ናት። እያፈረ፣ ያለ ቢት፣ ይህችን አለ፦

እናቴ ለቅማ ለቅማ ደህናውን ላከች ባሕር ማዶ፣
የቤታችን ጀበና ግን ተጥዶ ይውላል ሆዱ ባዶ።

ሁለት ስንኝ ናት። በጅማው መርካቶና በቡና መጋዘኖች መካከል ያደገ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለባት፤ “ሆዱ ባዶ” የጀበናውም የልጁም ሆድ ነው፤ በቅኔ ያደገ ጆሮ ይህን ለመፍታት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። እሱ ግን፣ “ጋሼ፣ ለቀማን ማን ይሰማል?” ብሎ ሰንሰለቱን አስተካከለ።

የሽጉጡ ግጥም ሲቀረጽ ጥግ ላይ ስልካቸውን ሲነካኩ የነበሩት ሁለት ጓደኞቹ ግን ቀና ብለው ነበር። አንደኛው፣ “እስቲ ድገማት” አለው።